ጎንደር ላይ ለሄሞፊሊያ ማስመርመር፦ ከሪፈር ወረቀት እስከ ፋክተር ፐርሰንት

ይህ መመሪያ ደሙ ቶሎ የማይቆም ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው። ልጁ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ አስቸግሮ ይሆናል። ጥርሱ ሲነቀል ሌሊቱን ሙሉ ደምቶ ይሆናል። መዳህ ወይም መራመድ ሲጀምር ሳይመታ ጉልበቱ ያብጣል፣ ገላው ያለ ምክንያት ይበልዛል። እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ ምርመራውን አታቆዩት።

ሄሞፊሊያ በዘር የሚመጣ የደም አለመርጋት ችግር ነው። ደም እንዲረጋ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች ሥራውን ይቀባበላሉ። ፋክተር ስምንት ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር ዘጠኝ ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ኤ ከ5,000 ወንድ ልጆች በአንዱ ገደማ ይታያል። ቢ ከዚያ በጣም ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ ደጅ ጥናት በኋላ በእጃችሁ መግባት ያለበት አንድ ወረቀት ነው። የትኛው ፋክተር እንደጎደለ፣ ከደህና ሰው ልክ ስንት ፐርሰንት እንዳለ፣ ኢንሂቢተር (ፋክተሩን የሚያጠፋ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር) መኖር አለመኖሩ ተጽፎበት። «ደሙ አይረጋም» የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። መድኃኒቱ በፋክተሩ ዓይነት ነው የሚሰጠው። ስምንት ለጎደለው ልጅ ዘጠኝ ቢሰጡት አይጠቅመውም።

ውጤቱ እስኪመጣ የሚከለከሉ ነገሮች

እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ዋግምት፣ ግርዛት፤ አንዱም አይነካ። እነዚህን በደህናውም ልጅ ላይ ማድረግ አልደግፍም፤ ከግርዛቱ በቀር። ደሙ ለማይረጋ ልጅ ግን የሞት ጉዳይ ናቸው። ግርዛቱም ቢሆን ይቆይ። በሰባት ወይም በስምንት ቀኑ ካልሆነ የሚል ዘመድ ካለ፣ ሐኪሙ ራሱ እንዲያነጋግረው አድርጉ።

ያበጠ ጉልበት ወጌሻ ጋ አይወሰድ። እብጠቱ ወለምታ ሳይሆን መገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። ሲታሽ ደሙ ይጨምራል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይሰጡት። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ሲታዘዝም «ደሙ አይቆምም፣ ምርመራ ላይ ነን» ብላችሁ ተናገሩ። ክትባትን በተመለከተ ግን ጤና ባለሙያውን አማክሩ እንጂ በራሳችሁ አታስቀሩ። በቀጭን መርፌ ተወግቶ ቦታው ረዘም ላለ ጊዜ ተይዞ ሊሰጥ ይችላል።

ልጁ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ከያዘው፣ አንገቱ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ምርመራ የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አንደኛ፦ የእናትን ወገን ቁጠሩ

የመጀመሪያው ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ጎንደር ዘር መቁጠር ያውቅበታል። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ያንኑ እውቀት አሁን ለዚህ ጉዳይ አውጡት።

ወረቀት ላይ የልጁን እናት መሃል ላይ ጻፉ። ቀጥሎ ወንድሞቿን፣ የእናቷን ወንድሞች፣ የእህቶቿን ወንዶች ልጆች፣ በእናቷ በኩል ያሉ አክስቶቿ የወለዷቸውን ወንዶች። ሲገረዝ ደም ፈሶት የሞተ አለ? እንጥሉን ተቆርጦ ሳይተርፍ የቀረ? በልጅነቱ ጉልበቱ እያበጠ በኋላ አልዘረጋ ያለው? ካለ ምልክት አድርጉበት። ይህን የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ አያት ናቸው። እሳቸውን ሳትጠይቁ ከቤት አትውጡ። ሐኪሙ ከዚህ ወረቀት የሚያገኘውን ነገር የትኛውም ማሽን አይሰጠውም።

ለምን የእናት ወገን? ችግሩ የሚቀመጠው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚወስደው ከእናቱ ነው። እናት ሁለት ኤክስ ስላላት ራሷ ሳትታመም ወይም ትንሽ ብቻ እየደማች ልታስተላልፍ ትችላለች። የታመመ አባት ደግሞ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ለወንዶቹ አያስተላልፍም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ ልናገር። «ዘመድ አልተጋባንም፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው» ማለት ሄሞፊሊያን አያስቀርም። በሽታው ለመታየት ከሁለቱም ወላጅ መምጣት አያስፈልገውም፤ አንድ ኤክስ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ቤተሰባቸው ውስጥ ታሪክ የላቸውም። ለውጡ አዲስ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ቆጥራችሁ ማንም ካልተገኘ ምርመራው አይቅር። እናትንም ማንም አይውቀሳት። መርጣ የሰጠችው ነገር የለም።

ሁለተኛ፦ ሪፈሩ ላይ የሚጻፈውን አስተውሉ

ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከቆላድባ፣ ከአይከል ወይም ከመተማ የምትመጡ ከሆነ ከአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የማህበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ያለ ሪፈር ከመጣ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ደም መፍሰስ» ብቻ እንዳይጻፍ። የመድማቱ ታሪክ፣ የእናት ወገን ታሪክና «የሄሞፊሊያ ጥርጣሬ» የሚለው ይጻፍ። ይህች አንዲት መስመር ጎንደር ስትደርሱ ብዙ መንገድ ታሳጥርላችኋለች።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስትደርሱ ልጅ ከሆነ ሕፃናት ክፍል፣ አዋቂ ከሆነ የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። የሚቻል ከሆነ ከመምጣታችሁ በፊት በዚያ የሚሠራ ሰው በስልክ ይጠየቅላችሁ፦ የፒቲና የኤፒቲቲ (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩ ሁለት ምርመራዎች) ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል፣ አለ ወይ? የፋክተር ምርመራው እዚሁ ይሠራል ወይስ ወደ አዲስ አበባ ይላካል? ሪኤጀንት ሲያልቅ ሲመጣ ይለዋወጣል። አንድ ስልክ ከመተማ የሚያመጣ ትራንስፖርት ያተርፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ጠዋት ግቡ። ዓርብ ከሰዓት የተቀዳ ናሙና ቅዳሜና እሁድ መሃል ይገባበታል።

ጾም አያስፈልግም። ቅባት የበዛበት ምግብ ብቻ ይቅር። ልጁን ከመቀዳቱ በፊት አሳርፉት። ሲሮጥ፣ አምርሮ ሲያለቅስ ወይም ትኩሳት ሲኖረው ፋክተር ስምንት ለጊዜው ከፍ ይላል። ቀለል ያለ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ በዚህ ምክንያት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ የሚታዘዙት ምርመራዎች

ሲቢሲ፣ ፒቲ እና ኤፒቲቲ ናቸው።

ሲቢሲ የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው፤ ደም እንዲቆም የሚረዱትን ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳትም ይቆጥራል። በእኛ አካባቢ ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። መተማ ወይም ሁመራ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ቢነስረው ነገሩ ካላዛር ወይም ወባ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ፕሌትሌት ያወርዳሉ። ጉበቱ የተጎዳ ሰውም ይደማል፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ፒቲው ቀድሞ ይረዝማል። ስለዚህ ሐኪሙ ከሄሞፊሊያ በፊት እነዚህን ቢፈትሽ እያዘገያችሁ አይደለም።

ሄሞፊሊያ ላይ የሚጠበቀው ውጤት እንዲህ ነው፦ ፕሌትሌት ደህና፣ ፒቲ ደህና፣ ኤፒቲቲ ግን የረዘመ። ኤፒቲቲ በሰከንድ ይነበባል። ደህናው ልክ እንደ ማሽኑና እንደ ሪኤጀንቱ ስለሚለያይ እዚያው ወረቀት ላይ ከታተመው ልክ ጋር አስተያዩት። የጎረቤት ልጅ ሌላ ቦታ ካሠራው ጋር ማወዳደር አይረባም።

አራተኛ፦ ሰማያዊው ቲዩብ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው። የደም መርጋት ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ደሙ ሲቀዳ ነውና። ወላጅም በዓይኑ አይቶ ሊከታተለው የሚችለው ክፍል ይኸው ነው።

ቲዩቡ ሰማያዊ ክዳን ያለው ነው። ውስጡ 3.2 ፐርሰንት ሶዲየም ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው ልኩ። ቲዩቡ ላይ መስመር አለ፤ ደሙ እዚያ መድረስ አለበት። ጎድሎ ከቀረ ሲትሬቱ ይበዛና ደህና ልጅ የታመመ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ሳታፍሩ «እህቴ፣ እስከ መስመሩ ሞልቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። በትህትና ከተጠየቀ የሚቆጣ ባለሙያ አይኖርም።

ሌሎች ቲዩቦችም የሚቀዱ ከሆነ ሰማያዊው ከሐምራዊው ይቅደም። በሐምራዊው ያለው ኬሚካል ትንሽ ጠብ ካለበት ውጤቱን ያዛባል። ክንፍ ባለው ቢራቢሮ መርፌ ሲቀዳ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ቦታ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ደም በሌላ ቲዩብ ተወስዶ ይጣላል፤ ከዚያ ሰማያዊው ይሞላል።

ክንዱ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ። መርፌው ቀጭን ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ይግባ። ደም ሥሩ ካልተገኘና መርፌው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ከተፈለገ ደሙ መንገድ ላይ መርጋት ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ ቀይሮ በሌላ ክንድ መቀዳት ይሻላል። ከብሽሽት ወይም ከአንገት አይቀዳ፤ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ከገባበት ካኑላም አይወሰድ።

ተቀድቶ እንዳለቀ ቲዩቡ በቀስታ ሦስት አራት ጊዜ ይገለበጣል። አይናጥም። ከዚያ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ብዙ ሰው ናሙና ሲባል በረዶ ላይ ማስቀመጥ ይመስለዋል። እዚህ ተቃራኒው ነው። ያልተጣራ ደም ሲቀዘቅዝ ፋክተር ስምንት ይቀንሳል፤ ያልጎደለውን ልጅ «ጎድሎታል» ያሰኛል። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለ የክፍል ሙቀት ይቀመጥ። ኤፒቲቲው በአራት ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት። ለዚህ ነው ከመተማ ወይም ከደባርቅ ደሙን በመኪና ከመላክ ልጁን ራሱን ማምጣት የሚሻለው።

መርፌው ሲወጣ ቦታውን በንጹሕ ጥጥ ተጭናችሁ ያዙ። ቢያንስ አምስት ደቂቃ። አትሹት። ወዲያው ባጃጅ ፍለጋ አትውጡ። ትንሽ ቁጭ በሉና ደሙ መቆሙን፣ ቦታው አለማበጡን እዩ።

ላብራቶሪ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ አንድ ቃል። የረጋ፣ የጎደለ ወይም ቀይ ሕዋሱ የፈረሰ ናሙና ሲመጣ ከመሥራት መመለስ ይሻላል። በ1,500 ጂ ለ15 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ይሽከርከር። የሚቀዘቅዝ ፕላዝማ (ሕዋሳቱ ተለይተው የሚቀረው የደም ፈሳሽ) ከሆነ ሁለት ጊዜ ይሽከርከርና በትንንሽ ፕላስቲክ ቲዩብ ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይቀመጥ። ወደ አዲስ አበባ ሲላክ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ከቀዘቀዘ አትመኑት። ያንን ዋስትና መስጠት ካልቻላችሁ ታካሚው ራሱ ይሂድ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሄማቶክሪቱ ከ55 በላይ ከሆነም የሲትሬቱ መጠን መስተካከል አለበት።

አምስተኛ፦ «ኖርማል ነው» ሲባል

ኤፒቲቲው ደህና ወጣ ማለት ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም። ቀለል ያለ ሄሞፊሊያ ኤፒቲቲን ሳያስረዝም ሊያልፍ ይችላል። የመድማቱ ታሪክ ጠንካራ ከሆነ የፋክተር ምርመራው እንዲታዘዝ ጠይቁ።

እትብቱ ሲደማ የቆየ ሕፃን ደግሞ ሌላ ነገር ያስጠረጥራል። ፋክተር አሥራ ሦስት ሲጎድል ፒቲም ኤፒቲቲም ደህና ሆነው ይወጣሉ። ለእሱ የተለየ ምርመራ አለው።

ስድስተኛ፦ ረዝሞ ከወጣ

ኤፒቲቲው ሲረዝም ቀጣዩ ማደባለቅ ነው። ሚክሲንግ ይሉታል። የልጁ ፕላዝማ ከደህና ሰዎች ፕላዝማ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀልና ኤፒቲቲው እንደገና ይለካል። ከተስተካከለ የጎደለ ፋክተር አለ ማለት ነው፤ ደህናው ፕላዝማ ሞላለት። ካልተስተካከለ ግን ፋክተሩን የሚያጠፋ ወይም ምርመራውን የሚያውክ ነገር ደሙ ውስጥ አለ። ፋክተር ስምንትን የሚያጠፋው ኢንሂቢተር ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ ድብልቁ በ37 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ መለካት አለበት። ወዲያው ብቻ ተለክቶ «ተስተካክሏል» ከተባለ ሊያመልጥ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ፐርሰንቱ

አሁን ፋክተር ስምንትና ፋክተር ዘጠኝ ለየብቻ ይለካሉ። ከ1 ፐርሰንት በታች ከሆነ ከባድ ነው፤ ልጁ ሳይመታም መገጣጠሚያው ውስጥ ይደማል። ከ1 እስከ 5 መካከለኛ ነው። ከ5 በላይ እስከ 40 ቀላል ይባላል። «ቀላል» የሚለው ቃል ግን አያዘናጋችሁ። ጥርስ ሲነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ሲኖር ይህም ልጅ ክፉኛ ይደማል።

ልጁ በቅርቡ ፕላዝማ ወይም ደም ተሰጥቶት ከሆነ ሳትናገሩ አታሠሩ። የተለካው የለጋሹ ፋክተር ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ሲሆን የሚሻለው ሰማያዊው ቲዩብ ቀድሞ ተቀድቶ ከዚያ ፕላዝማው መሰቀሉ ነው። ናሙና ለመጠበቅ ሲባል ግን ሕክምናው አይዘግይ።

ፋክተር ስምንት ዝቅ ብሎ ከወጣ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ቮን ዊልብራንድ ታይቷል? ይህ ሌላ በዘር የሚመጣ የመድማት በሽታ ነው፤ ፋክተር ስምንትን አብሮ ያወርዳል። ወንድም ሴትም ይይዛል። ነስር፣ የድድ መድማት፣ ወር አበባዋ ከመጠን ያለፈ ልጃገረድ ካለች ይህን አስቡ። ሕክምናው ከሄሞፊሊያ ስለሚለይ ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም።

የኢንሂቢተር ምርመራም በዚሁ ይሠራ። መጠኑ በቤቴስዳ ዩኒት ይጻፋል። ዛሬ የለም ቢባል ለዘለዓለም የለም ማለት አይደለም። ልጁ ፋክተር መውሰድ ሲጀምር ሰውነቱ ሊቃወመው ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 50 የመድኃኒት ቀናት ውስጥ። ስለዚህ በየጊዜው፣ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት፣ መድኃኒቱ እንደ ድሮው አልሠራ ሲል ይደገም።

ወረቀቱን ስትቀበሉ ኮፒ አድርጉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ለመምህሩ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ሲሄድ ለሐኪሙ ይታያል። ፋክተር በብዙ አገሮች ከዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒት ነው። እሱን ለማግኘት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለመመዝገብ ደግሞ የተረጋገጠ ውጤት። ስለዚህ ሐኪማችሁን ወደ ኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ማህበር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ።

ስምንተኛ፦ እናትና እህቶች

ልጁ ሄሞፊሊያ እንዳለበት ከታወቀ እናቱ፣ እህቶቹና የእናቱ እህቶችም ፋክተራቸውን ይለኩ። ተሸካሚ የሆነች ሴት ፐርሰንቷ ከ40 በታች ሊወርድ ይችላል። በወሊድ ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ እሷም ትደማለች። ፐርሰንቷ ደህና ከወጣ ግን ተሸካሚ አይደለችም ማለት አይደለም። እሱን ቁርጥ አድርጎ የሚለየው የዘረ መል ምርመራ ነው።

ምርመራው ከእርግዝና በፊት ቢሆን መልካም ነው። በእርግዝና ወራት ፋክተር ስምንት ስለሚጨምር ዝቅ ያለው ይሸፈናል። ፋክተር ዘጠኝ ግን ብዙም አይለወጥም።

ተሸካሚዋ ካረገዘች ለአዋላጇ ከመጀመሪያው ቀን ትንገራት። ሕፃኑ በቫክዩም እንዳይሳብ፣ ሲወለድ ሳይመረመር እንዳይገረዝ፣ ጡንቻው ላይም ሐኪሙ ሳይወስን መርፌ እንዳይወጋ። ናሙናው ከእትብቱ ደም በሰማያዊ ቲዩብ ሊወሰድ ይችላል፤ ሕፃኑን መውጋት አያስፈልግም። ፋክተር ስምንት ሲወለድም እንደ አዋቂ ስለሆነ ዝቅ ካለ ዝቅ ነው። ፋክተር ዘጠኝ ግን በማንኛውም አራስ ላይ ዝቅ ይላል። ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና ይለካ።